ለዝንጀሮስ ወንጭፍ ይበቃል

ሰኔ 2017 ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነበርኩ። እናቴ አረቄ ታወጣለች። አራት ልጅ ያሳደገችው በዚሁ ነው። እኔን ዩኒቨርሲቲ አድርሰው የፊዚክስ አስተማሪ ያደረጉኝም ዳጉሳና ጌሾ ናቸው ማለት ይቻላል። ጓዳ ውስጥ ድፍድፍ ይፈላል፣ ሳሎን ውስጥ ደንበኛ ይፈላል።

ያን ሰሞን ወሬው አንድ ነበር። ሰኔ 6 ሌሊት እስራኤል ኢራንን ደበደበች። ሰኔ 15 አሜሪካ ተጨመረችና ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን ያሉትን የኢራን የኒውክሌር ተቋማት መታች። ሰኔ 17 ተኩስ ቆመ ተባለ። አስራ ሁለት ቀን መሆኑ ነው። አስራ ሁለቱንም ቀን የእናቴ ሳሎን ፓርላማ ሆኖ ሰነበተ።

ግማሹ «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ባይ ነው። ጠላትህ ቦምብ ሊሠራ እያየህ ምን ትጠብቃለህ? ከሠራ በኋላማ ማን ይጠጋዋል? ግማሹ ደግሞ «እነሱ እስከ አፍንጫቸው ታጥቀው ሌላውን አትታጠቅ የሚሉት በምን ዳኛ ነው?» ይላል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሁለቱንም ወገን እየደገፈ ከሁለቱም ተጋብዞ ጠጣ። ብልህ ሰው ነው።

«ስለ ጎጃም ሰላም ለምን አትጽፊም?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱን ሆድ ይፍጀው። አንዳንዴ ስለ ሩቅ ሰው ጠብ ማውራት ይቀላል።

እናቴ ወሬውን ለሦስት ቀን ያህል ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ጠየቀችኝ። «ይሄ ስልሳ በመቶ፣ ስልሳ በመቶ የሚሉት ምንድን ነው?» የሰኔ ጾም ነው፤ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ተቀበልኳት።

ሺህ ፍሬ ምስር አለሽ እንበል፣ አልኳት። ከሺሁ የምትፈልጊው ሰባቱን ብቻ ነው። ዩራኒየም ከመሬት ሲወጣ እንደዚያ ነው። ለነገር የሚሆነው ዓይነት፣ ዩራኒየም 235 የሚባለው፣ ከሺህ አቶም ሰባት ቢሆን ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል 238 ነው። ሁለቱን በመልክ አትለያቸውም። ልዩነታቸው ክብደት ላይ ነው፣ እሱም ኢምንት። ስለዚህ ጋዝ ያደርጉትና ሴንትሪፊውጅ በሚባል ቀጭን በርሜል ውስጥ በኃይል ያሽከረክሩታል። ከባዱ ወደ ዳር ይሸሻል፣ ቀላሉ መሀል ይቀራል። ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው፣ በሺህ በሚቆጠር በርሜል።

ለመብራት ማመንጫ አራት በመቶ ገደማ ይበቃል። እንግዲህ ሰባቷ ፍሬ አራት በመቶ እንድትሆን ከሺሁ ላይ 825 ፍሬ ለቅመሽ ትጥያለሽ። 175 ይቀርሻል። ስልሳ በመቶ እንድትሆን ሌላ 163 ትለቅሚያለሽ። ሰፌዱ ላይ 12 ፍሬ ቀረ። ለቦምብ የሚፈለገው ደግሞ 90 በመቶ አካባቢ ነው፤ 8 ፍሬ ላይ ሲደርስ ማለት ነው። ስንት መልቀም ቀረሽ?

«አራት» አለች እናቴ።

ትንሽ ዝም ብላ ሰፌዷን መልሳ ተቀበለችኝ። «ስልሳው ዳግም አረቄ ነው በይኛ!»

ተራውን አረቄ ለማውጣት ጥንስሱ አለ፣ ብቅሉ አለ፣ ድፍድፉ አለ፣ ማገዶው አለ፣ ጠብ ጠብ ሲል ቁጭ ብሎ መጠበቁ አለ። ቀናት ይፈጃል። የወጣውን ተራ መልሶ ዳግም ማድረግ ግን ለእናቴ ሥራ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስተምር እንዲህ ጥርት አድርጌ ያስረዳሁ አይመስለኝም። (አረቄ የሚለየው በፍላት ነው፣ ዩራኒየም በሽክርክሪት። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ እንዳታጭበረብሩኝ።)

የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንዳለው፣ ድብደባው ሲጀመር ኢራን እጅ ላይ ይሄ ባለ 60 በመቶው ከ400 ኪሎ በላይ ነበር። ኢራን የምትለው አንድ ነው፦ ለሰላማዊ አገልግሎት፣ ለመብራት ነው።

«ለመብራት ነው» የሚለው ቃል እኔን የሚነካኝ ሌላ ቦታ ነው። እኛም ብለነዋል። ዓባይ ላይ ግድብ ስንሠራ ለመብራት ነው አልን፤ ታችኛው ተፋሰስ ያለው ሰው ለህልውናዬ ስጋት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ዶናልድ ትራምፕ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ብሎ በአደባባይ ሲናገር እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ልጆቹ ያን ቀን ስለ ኒውተን ምንም መስማት አልፈለጉም። ስለዚህ «ጠርጥረህ ምታ» ሲባል መጀመሪያ የሚሰማኝ ብስጭት ነው። ብስጭቱ ሲበርድ ግን ልዩነቱ ይታየኛል። ግድብ አይደበቅም። ከሰማይ ይታያል፣ ኮንክሪቱ ይለካል። ኢራን ናታንዝን እ.ኤ.አ. እስከ 2002፣ ፎርዶን እስከ 2009 ደብቃ ነው የተገኘባት፤ ፎርዶን ደግሞ ተራራ ሆድ ውስጥ። ለመብራት ከሆነ ተራራ ውስጥ ምን ያስገባል? አራት በመቶ ለሚበቃው ነገር ስልሳ ምን ያደርጋል?

ይሄን ጥያቄ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሰላሳ ዓመት በፊት ጠይቀውታል።

ሰማንያ አልፏቸዋል። እናቴ አያ ትላቸዋለች፤ እኛም ከእሷ ወርሰን አያ ነው የምንላቸው። ከየጁቤ ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ካለች ቀበሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽማግሌ ሆነው ኖረዋል። ደም ያደርቃሉ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በሁለት ቤት መካከል የድንበር ጠብ ነበር፣ ደምም ነበረበት። ወንድሙ የሞተበት ሰው ድሃ ነው፣ ብቻውን ነው። ያኛው ቤት አራት ወንድማማች፣ ሁለት ጠመንጃ። አንድ ቀን ድሃው ሰው ሁለት በሬዎቹን ገበያ አውጥቶ ሸጠ። ሰኔ መግቢያ ላይ ነው እንግዲህ። ገበሬ በእርሻ ሰዓት በሬ ሲሸጥ አገር ይገባዋል፤ ጠመንጃ ሊገዛ ነው። ወንድማማቾቹ «ሳይገዛ እንቅደመው» አሉ።

አያ ሌሊቱን ሄዱ።

«በሬዎችህ የት ሄዱ?»

«ሸጥኳቸው።»

«ስለ ምን?»

«ዝንጀሮ በቆሎዬን ጨረሰው። ለዝንጀሮ ማባረሪያ ክላሽ ልገዛ ነው።»

«ለዝንጀሮስ ወንጭፍ ይበቃል» አሉት።

ይቺ ወሬ በቤተሰባችን ሺህ ጊዜ ተነግራለች፣ ሁሌም እዚህ ላይ ይሳቃል። እኔ የምወደው ግን ከሳቁ በኋላ ያለውን ነው። አያ «ማልልኝ» አላሉትም። «መግዛት አልፈልግም በል» አላሉትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፦ የበሬው ገንዘብ የት አለ?

ሰውየው ብዙ ከተከራከረ በኋላ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ አወጣ። ሰው ፊት ተቆጠረ። ሁለቱም ወገን የሚያምኗቸው ቄስ እጅ ገባ። በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰው ቤቱ ጎራ ይላል። ቡና ይጠጣል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ይወጣል። እነዚያ ወንድማማቾች በምላሹ ዘግተውበት የነበረውን የውኃ መንገድ ከፈቱለት። ካሳውም በሦስት ዓመት ተከፍሎ እንዲያልቅ ሆነ። ከሁለቱም ወገን ዋስ ተጠራ።

«ደስ አላቸው?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ማንን ደስ ይለዋል? ሁለቱም ሲያኮርፉ ነው እኔ የምተኛ» አሉኝ።

ሁለት ክረምት ሠራ። ከዚያ የወንድማማቾቹ ታናሽ ሁመራ ሰንብቶ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ። «እኔ ብኖር ይሄን ያህል አይሰጠውም ነበር፤ የተሻለ እናስምላቸዋለን» አለ። የውኃውን መንገድ በእሾህ አጠረው። ካሳው ቆመ። ቄሱ ገንዘቡን ለባለቤቱ መለሱ፤ ውሉ ከፈረሰ ሌላ ምን ያድርጉ? ወር ሳይሞላ ክላሹ ተገዛ።

ክላሹ እስከ ዛሬ ሰው ላይ አልተተኮሰም። ወንድማማቾቹ ግን ሁለት ተጨማሪ ገዙ። በዚያ በር ማታ የሚያልፍ የለም። ሠርግ ሲሆን አንደኛው ቤት ከተጠራ ሌላኛው አይመጣም። አያ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ለሽምግልና ሲጠሩ «አሞኛል» ይሉ ነበር።

አሁን ቪየናን አስቡት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ኢራንና ስድስት አገሮች፣ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር፣ እዚያ ተስማሙ። ዩራኒየሙ ከ3.67 በመቶ እንዳያልፍ። የተከማቸው ከ300 ኪሎ እንዳይበልጥ። ወደ 19 ሺህ ከሚጠጋው ሴንትሪፊውጅ ስድስት ሺህ ግድም ብቻ እንዲቀር። ፎርዶ ውስጥ ለ15 ዓመት ማበልጸግ የሚሉት ለቀማ እንዲቆም። ካሜራ፣ ማኅተም፣ ተቆጣጣሪ። በምላሹ ማዕቀብ ተነሳ። በአሜሪካኖቹ ስሌት፣ ኢራን ልሥራ ብላ ብትነሳ ለአንድ ቦምብ የሚበቃውን ለመሰብሰብ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅባት የነበረው አንድ ዓመት ሆነ። እዚህም ውሉን ሙሉ በሙሉ የወደደ አልነበረም። ሚሳይሉን አልነካም፣ በየአገሩ የምታስታጥቃቸውን ኃይሎች አልነካም፣ አንዳንዱ ገደብ ጊዜው ሲደርስ ያበቃል። እውነት ነው፣ ጎዶሎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ትራምፕ ከውሉ ወጣ። ተቆጣጣሪዎቹ ኢራን ውሉን ጠብቃለች እያሉ ነው የወጣው። የተሻለ ውል አመጣለሁ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ኢራን አንድ ዓመት ጠብቃ ገደቡን መጣስ ጀመረች፤ በሚያዝያ 2021 ስልሳ በመቶ ደረሰች። ከሁመራ የተመለሰውን ወጣት ባስታወስኩት ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ እኔ ተደራደሩ ባይ ነኝ። ግን የሳሎኑ ተደራዳሪዎች እንደሚሉት «ሰው በንግግር ይግባባል» ብዬ አይደለም። ጠላት ከሆነ ጠላት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ድርድር የምለው የበሬውን ገንዘብ ቆጥሮ ሦስተኛ እጅ ማስቀመጥን፣ በየእሁዱ ግድግዳ ማየትን ነው። ቡናው ሰበብ ነው። ዱላ የያዘ ሰውም ውጭ ይቁም፣ ግዴለኝም። አያም ያን ሌሊት ብቻቸውን አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሶቪየት ኩባ ላይ ሚሳይል በተከለች ሰሞንም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መርከብ አሰልፎ ባሕሩን ዘጋ፤ በጓሮ በር ደግሞ ቱርክ ውስጥ ያሉትን ሚሳይሎቼን አነሳለሁ ብሎ ተስማማ። የመጀመሪያውን ዓለም ወዲያው አየ፣ ሁለተኛው ለብዙ ዓመት ተደብቆ ቆየ። ለዚህ ነው ሰው «ጠንክሮ አሸነፈ» ብቻ እያለ የሚያወራው።

መቺዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ልናገረው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 እስራኤል ሶሪያ ውስጥ፣ ዴር ኤዝ ዞር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በድብቅ ይሠራ የነበረ የኒውክሌር ማብላያ አፈረሰች። ሽምግልና የለ፣ ውል የለ። አንድ ሌሊት። ከሰባት ዓመት በኋላ ያንን አካባቢ አይሲስ ያዘው። ያ ማብላያ ቆሞ ቢሆንስ? ለዚህ መልስ የለኝም። «ሁሌ ተነጋገሩ» የሚል ሰው ይሄን ሌሊት ማስረዳት አለበት።

ግን አንድ ቤት መምታትና እውቀት መምታት ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኢራቅ ውስጥ ኦሲራክ የተባለው ማብላያ ሲመታ ሳዳም ሥራውን አልተወም፤ በስውር ቀጠለበት። ስፋቱ የታወቀው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ተቆጣጣሪዎች ሲገቡ ነው። በ2003 ደግሞ «አለው» ተብሎ አገር ተወረረ፤ አልነበረውም። እናቴ ጋኗ ቢሰበር አረቄ ማውጣት ትረሳለች?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላው ዓለም ከዚህ የሚማረው ነው። የሊቢያው ጋዳፊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 የኒውክሌር ፕሮግራሙን ትቶ ዕቃውን አስረከበ፤ በ2011 እንዴት እንደሞተ ሁላችንም ስልክ ላይ አይተናል። ሰሜን ኮሪያ በ1994 ተደራድራ ሥራዋን አቆመች፣ ውሉ በ2002 ፈረሰ፣ በ2006 ቦምቧን አፈነዳች። ዛሬ ፒዮንግያንግን እንምታ የሚል ሰው አልሰማሁም። ዩክሬን በ1994 ግዛቷ ላይ የቀረውን የሶቪየት ኒውክሌር ልታስረክብ ተስማምታ ድንበርሽ ይከበራል የሚል ወረቀት ተቀበለች። ወረቀቱን ከፈረሙት አንዷ ሩሲያ ናት። ቴህራን የተቀመጠ ሰው ይሄን ሁሉ ያነባል። በፈቃዷ ስድስት ቦምቦቿን አፍርሳ በሰላም የተቀመጠችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ እሷም መጀመሪያ ከጎረቤቶቿ ጋር የነበራት ጦርነት በርዶላት ነው።

እኛስ? ጣሊያን መርዝ ጋዝ እንዳይጠቀም እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ ፈርሞ ነበር። ፈርሞም በአያቶቻችን ላይ ረጨው። ጃንሆይ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 እዚያው ጄኔቫ፣ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ዋሶቹን ጠሩ። ዋሶቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አንዱም ሊያስጥል አልተነሳ።

የአያ ምሳሌ እዚህ ላይ ያጥረኛል። የጁቤ ውስጥ ሁለቱም የሚቀበሩት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውግዘት ይፈራል፣ ዋስ የከዳ ሰው ቀባሪ ያጣል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እድር የለም። ሽማግሌ ተብለው በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ ወንበር የያዙት አምስቱም ጠመንጃ አላቸው። ሳሎን ውስጥ «በምን ዳኛ?» ያለውን ሰውዬ ያልመለስኩለት ለዚህ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2018 መስቀል ሰሞን የመንግሥታቱ ድርጅት ማዕቀብ ኢራን ላይ ተመልሶ ተጣለ፤ ይሄን በጻፍኩበት በጥቅምት 2018 አዲስ ውል አልነበረም።

ተኩስ ቆመ በተባለ ማግስት አያ ዓይናቸውን ሊታዩ ከተማ መጡ። ሐኪም አረቄ ከልክሏቸዋል፤ እናቴ «ለመዓዛው ያህል» ብላ በትንሿ መለኪያ ቀዳችላቸው። ሬዲዮው ስለ ቦምቡ ያወራል። 13 ቶን ተኩል የሚመዝን ቦምብ፣ አስራ አራቱ ተጣለ። ደንበኞቹ ያጨበጭባሉ፣ ይራገማሉ። አያ ጆሮ ስለሚከብዳቸው እኔን ጠሩኝ።

«ምን አሉ?»

«ፋብሪካውን መቱት።»

«ዕቃውንስ?»

«የትኛውን?»

«የለቀሙትን ነዋ። እናትሽ አራት መቶ ኪሎ ብላኛለች።»

የት እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፣ አልኳቸው። ከድብደባው በፊት አሽሽተውት ይሁን ከፍርስራሹ ስር ይሁን አልታወቀም፤ ተቆጣጣሪዎቹም እየቆጠሩ አይደለም።

አያ መለኪያዋን ሳይጨርሷት አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ ብለው ዱላቸውን ጠየቁ።